«ምንም አይከተልም» የሚለው ወረቀት

የልጆቻችንንና የራሳችንን የውትድርና መሰናበቻ እንዴት እናንብብ?

(የማኅበራችን የጉዳይ ክትትል ኮሚቴ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ንግግራችንን በአንዲት እናታችን ታሪክ እንጀምራለን። ስማቸው እንዳይነሳ አደራ ብለውናል፤ ታሪኩን ግን «ለሌላው ይጥቀም፣ ተናገሩት» ብለው ፈቅደውልናል።

እኚህ እናታችን አንድ ቅዳሜ በእጃቸው የፕላስቲክ ቦርሳ ይዘው ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ከቦርሳው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጃቸው በአሜሪካ ጦር አገልግሎ በሰላም ተሰናብቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሕመም አረፈ። እድርተኛው አልቅሶ ቀበረው። ወረቀቱን ያነበበችላቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። በየቦታው በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ሐረግ እንዳለ ተርጉማ «እማማ፣ ምንም አይከተልም ይላል» አለቻቸው። እሳቸውም «እንግዲህ ልጄ ያን ሁሉ ለፍቶ ምንም የሚከተለው የለም ማለት ነው» ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። ሁለት ዓመት እዚያው ተኛ።

እህቶቻችን፣ «ናቲንግ ፎሎውስ» ማለት እንዲያ ማለት አይደለም። በእድር መዝገባችን ከመጨረሻው ስም በታች መስመር የምናሰምረው ለምንድን ነው? በኋላ ሌላ ሰው እንዳይጨምርበት ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ጸሐፊው የሚጻፈውን ጽፎ ሲጨርስ «ከዚህ በታች የተጻፈ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ስለ መብት የሚናገር ቃል አይደለም። የመዝገብ መዝጊያ ነው። ግን ይህን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ሁለት ዓመት ሙሉ መንግሥት ልጃቸውን የካደባቸው መስሏቸው ኖሩ።

ለምን ይህን ርዕስ መረጥን?

እኛ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ሴቶች ማኅበራችንን ስንጀምር በእቁብና በእድር ነበር። ያኔ ልጆቻችን ትንንሾች ነበሩ። ዛሬ ከመካከላቸው የወታደር ልብስ ለብሰው ያገለገሉ ወንዶችም ሴቶችም አሉ። በ2009 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር «ማቭኒ» የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ ግሪን ካርድ የሌላቸው ነገር ግን በሕጋዊ መንገድ እዚህ ያሉ ሰዎችን ሲመለምል ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ፕሮግራሙ በ2016 አዲስ ሰው መቀበል አቆመ፤ በዚያ በር ገብተው ዜግነት ያገኙ ግን በየቤታችን አሉ።

ታዲያ የነዚህን ልጆች ወረቀት በየቤቱ የሚያስቀምጠው ማን ነው? እናት ናት፣ ሚስት ናት፣ እህት ናት። ልጁ ራሱ «የት እንዳደረግሁት እንጃ» ሲል እሷ ታውቀዋለች። የምታስቀምጠው እሷ ከሆነች ማንበብም አለባት ብለን እናምናለን። የዛሬው ንግግራችን ጠቅላላ ሐሳብ ይኸው ነው።

ወረቀቱ ምንድን ነው?

ዲዲ 214 ይባላል። «ዲዲ» የመከላከያ ሚኒስቴሩ የእንግሊዝኛ ስም ምህጻረ ቃል ነው፤ 214 የቅጹ ቁጥር ነው። ከ1950 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ቅጽ ነው። ከሙሉ ጊዜ የውትድርና አገልግሎት የሚሰናበት ሰው ሁሉ ይሰጠዋል። አሁን ያለው ቅጽ ቁጥር የተሰጣቸው 30 ሣጥኖች አሉት። በናሽናል ጋርድ ያገለገለ ሰው ከጋርዱ ሲወጣ የሚሰጠው ሌላ ቅጽ ነው፤ እሱም «ኤን ጂ ቢ 22» ይባላል። ልጃችሁ በሁለቱም በኩል ካለፈ ሁለቱንም ወረቀት አስቀምጡ።

ከላይኛው ክፍል እንጀምር

ሣጥን 1 ስም ነው። የሚጻፈው የመጨረሻው ስም ቀድሞ ነው። እኛን የሚያስቸግረን እዚሁ ላይ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ሣጥን 2 የጦር ክፍሉን ይናገራል። «አር ኤ» ካለ መደበኛው ምድር ጦር ነው። «ዩ ኤስ ኤ አር» ካለ ተጠባባቂው ጦር፣ «ኤ አር ኤን ጂ» ካለ ናሽናል ጋርድ ነው።

ሣጥን 4 ማዕረግና የደመወዝ ደረጃ ነው። «ፒ ኤፍ ሲ»፣ «ኤስ ፒ ሲ»፣ «ኤስ ጂ ቲ» የሚሉት የማዕረግ ምህጻረ ቃላት ናቸው፤ የመጨረሻው ሰርጀንት፣ በእኛ አገር አጠራር ወደ ሃምሳ አለቃ የሚጠጋ ነው። ከጎኑ «ኢ-4» ወይም «ኢ-5» የሚለው የደመወዝ ደረጃው ነው። «ኢ» ተራ ወታደሮችንና የበታች ሹሞችን፣ «ኦ» መኮንኖችን ያመለክታል።

ሣጥን 11 የሙያ ቁጥር ነው። «88 ኤም» የከባድ መኪና ሾፌር፣ «68 ደብልዩ» የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳት፣ «92 ጂ» ምግብ አብሳይ ማለት ነው። ከጎኑ በዚያ ሙያ የሠራበት ዘመን ይጻፋል። ይህን ሣጥን አትናቁት። ልጁ ሥራ ሲፈልግ በምስክርነት የሚያገለግለው እሱ ነው። በጦሩ ውስጥ ከባድ መኪና ሲነዳ የቆየ ሰው ከተሰናበተ ብዙ ሳይቆይ ካመለከተ ለንግድ መንጃ ፈቃድ ከመንዳት ፈተናው ነፃ የሚያደርጉ ስቴቶች አሉ።

ሣጥን 12 የጊዜ ሒሳብ ነው። ቀኑ የሚጻፈው ዓመቱ ቀድሞ፣ ከዚያ ወሩ፣ ከዚያ ዕለቱ ነው። የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የተጣራው አገልግሎት፣ ከዚያ በፊት የነበረው አገልግሎት፣ በውጭ አገር የቆየበት ጊዜ እያንዳንዱ ለየብቻው ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዕር ይዛችሁ ደምሩ። የድኅረ መስከረም 11 የትምህርት ድጋፍ የሚባለው ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው 36 ወር ላገለገለ ሰው ነው፤ 30 ወር ላይ ያለ ሰው 90 በመቶውን ያገኛል። ስለዚህ አንድ ወር ተሳስቶ ቢጎድል የልጁን የኮሌጅ ክፍያ ሊነካ ይችላል።

ሜዳሊያና «ማስታወሻ»

ሣጥን 13 ውስጥ ሜዳሊያዎች በሁለት ጋድም መስመር እየተለዩ ይደረደራሉ። ቦታው ሲጠብ ጸሐፊው ወደ ሣጥን 18 ይሻገራል፤ እዚያም «ከሣጥን 13 የቀጠለ» የሚል አጭር ቃል ታገኛላችሁ። ያንን ሳያዩ «የልጄ ሜዳሊያ ጎደለ» ያሉ እናት ገጥመውናል። ሜዳሊያው አልጎደለም፤ ወረቀቱን ወደ ታች ማንበብ ብቻ ነበር የቀረው።

ሣጥን 18 «ማስታወሻ» ይባላል። ብዙ ሰው የሚዘልለው እሱን ነው፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነው። ሁለት ነገር ፈልጉበት።

አንደኛው «የመጀመሪያውን ሙሉ የአገልግሎት ዘመን ጨርሷል» ወይም «አልጨረሰም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛው «በእገሌ አገር አገልግሏል» የሚለው መስመር ነው፤ ከጎኑ ቀኖቹ ስምንት ስምንት አኃዝ ሆነው ይጻፋሉ። «20120310» የሚል ብታዩ 2012፣ ሦስተኛው ወር፣ አሥረኛው ቀን ማለት ነው። ይህ መስመር ከባድ ዋጋ አለው። በነሐሴ 2022 «ፓክት አክት» የተባለው ሕግ ወጥቶ፣ በጦር ሰፈሮች አካባቢ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጭስና ከመሳሰሉት መርዛማ ነገሮች ጋር የተያያዙ በርካታ በሽታዎች ከአገልግሎቱ እንደመጡ እንዲቆጠሩ አድርጓል። ከተዘረዘሩት አገሮች መካከል ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን፣ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ አሉ፤ ጎረቤቶቻችን ጅቡቲና ሶማሊያም አሉበት። ጅቡቲ የቆየ ልጅ ዛሬ የሚተነፍሰው እያጠረው ከሆነ ያቺ አንዲት መስመር የእሱ ምስክር ናት። መስመሯ ከሌለች ግን ዝም አትበሉ፤ የጉዞ ትእዛዝ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀት ፈልጋችሁ እንድትጻፍ ጠይቁ።

ከባዱ ክፍል ከታች ነው

ከ23 እስከ 30 ያሉት ሣጥኖች እንዴት እንደወጣ ይናገራሉ።

ሣጥን 24 የአገልግሎቱን ጠባይ ይገልጻል። «ኦነረብል» ማለት በሙሉ ክብር ነው። «ጄኔራል» የሚለው ከእሱ ዝቅ ይላል፤ ጥሩ አገልግሏል ግን እንከን ነበረው እንደ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን «ጄኔራል» የተጻፈበት ሰው አብዛኛውን የቀድሞ ወታደሮች ጥቅም ቢያገኝም የትምህርት ድጋፉን ያጣል። «አንደር አዘር ዛን ኦነረብል» የሚለው ከክብር ውጭ ማለት ነው፤ ብዙ በር ይዘጋል። ከእሱ በታች ያሉት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚመጡ ናቸው። «አንካራክተራይዝድ» የሚል ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ብዙውን ጊዜ በአገልግሎቱ መጀመሪያ፣ በሥልጠና ላይ ሳለ ለወጣ ሰው የሚጻፍ ነው። ጥሩም መጥፎም አልተባለም ማለት ነው።

በውትድርና በኩል ዜግነት ላገኙ ልጆቻችን ይህ ሣጥን ሌላም ትርጉም አለው። አምስት ዓመት የክብር አገልግሎት ሳይሞላቸው ከክብር ውጭ ከተሰናበቱ ሕጉ ዜግነታቸው እንዲሰረዝ ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ልጅ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ማማከር አለበት።

ሣጥን 26 በሦስት ፊደል የተጻፈ የስንብት ኮድ ነው። ሣጥን 27 ተመልሶ መግባት ይችል እንደሆነ ይናገራል፤ በምድር ጦር «አር ኢ-1» ይችላል፣ «አር ኢ-3» በልዩ ፈቃድ፣ «አር ኢ-4» አይችልም ማለት ነው። ሣጥን 28 ምክንያቱን በቃል ይጽፋል። «የሚጠበቅበትን አገልግሎት ፈጽሟል» የሚለው መልካሙ ነው።

እዚህ ላይ ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ ቆም ብለን እንነጋገር። በሣጥን 28 «እርግዝና ወይም ወሊድ» የሚል የተጻፈላቸው አሉ፤ ያ ነውር አይደለም። «የስብዕና መታወክ» የሚል የተጻፈባቸውም አሉ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2016 ባወጣው ዘገባ በጦሩ ውስጥ ተደፍረው አቤት ካሉ በኋላ እንዲህ ያለ ምክንያት ተጽፎባቸው የተሰናበቱ ሰዎችን ታሪክ ሰብስቧል። ያቺ ቃል ሥራ በጠየቁ ቁጥር ትከተላቸዋለች። በ2017 መከላከያ ሚኒስቴሩ ባወጣው መመሪያ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም የአእምሮ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የስንብታቸውን ወረቀት ለማስለወጥ ሲያመለክቱ ገምጋሚዎቹ በሰፊ ልብ እንዲያዩላቸው ታዟል። እህቶቻችን፣ ልጃችሁ ወረቀቷን ደብቃ የምታስቀምጥ ከሆነ አትቆጧት። «ምን አጥፍተሽ ነው?» ብላችሁም አትጀምሩ። «ምን ተጻፈብሽ? እስቲ አብረን እንየው» በሏት።

አጭሩና ረጅሙ ቅጂ

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። እኚያን እናታችንን ስንረዳ በቤታቸው የነበረውን ቅጂ አያይዘን ላክን። ከሳምንታት በኋላ ተመለሰብን። ለካስ ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለው። ከታች በጥግ በኩል «ሜምበር-1» የሚል ካለበት አጭሩ ነው፤ የስንብቱን ጠባይና ምክንያት የያዘው የታችኛው ክፍል የለበትም። «ሜምበር-4» የሚል ካለበት ረጅሙና ሙሉው ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉት ረጅሙን ነው። እኛ ጥጉን ባለማየታችን ሁለት ወር ባከነ። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ዛሬም በድጋሚ እንጠይቃቸዋለን። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ያንን ጥግ ተመልከቱ።

የስማችን ጣጣ

ረጅሙን ቅጂ ስንጠይቅ ሌላ እንቅፋት ገጠመን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ «የእርስዎ የመጨረሻ ስም ከእሱ ጋር አይገጥምም፤ እናቱ መሆንዎን በምን ልወቅ?» አለቻቸው። እኚያ እናት እንባቸው መጣ። እኛ አገር እኮ ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ እስከ መጨረሻው የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ልጁ ደግሞ በአባቱ ወይም በአያቱ ይጠራል። እናትና ልጅ በስም አይገናኙም። አሜሪካዊቷ ይህን ከየት ታውቀዋለች?

ስለዚህ የእናትና የልጅን ዝምድና የሚያሳይ የልደት ምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ ትርጉሙ ጋር አብሮ ይቀመጥ። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» ብሎ የሚጀምር ስም ደግሞ በሁለት ቃል ከተጻፈ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መካከለኛ ስም ይሆናል፤ በመሰናበቻው ላይ፣ በፓስፖርቱና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስተያዩ። ካገባች በኋላ ስሟን የቀየረች ልጅም መዝገቧ የሚገኘው ባገለገለችበት ስም ነው፤ የጋብቻ ወረቀቷን አብራ ታስቀምጥ።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። በመስከረም 1980 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1987 ነው። አንዱ ወረቀት በእኛ፣ ሌላው በእነሱ ከተጻፈ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው።

ስሕተት ቢገኝ፣ ወረቀቱ ቢጠፋ

ከሁሉ የሚሻለው ከመፈረም በፊት ማረም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ! ልጃችሁ ሊሰናበት ሲል «ረቂቁን ሳታነብ እንዳትፈርም» በሉት። ከተፈረመ በኋላ ግን ቅጹ በላዩ ላይ አይደለዝም። ትንሽ ስሕተት ከሆነ «ዲዲ 215» የሚባል የማረሚያ ወረቀት ይወጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተያይዘው ይኖራሉ። የስንብቱን ጠባይ ለማስለወጥ «ዲዲ 293» ተሞልቶ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ ይቀርባል። ለሌላ ትልቅ ስሕተት «ዲዲ 149» አለ፤ ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በቂ ምክንያት ካለ ግን ዘግይቶ የመጣም ሊታይ ይችላል።

ወረቀቱ ከጠፋ መዝገቡ የሚጠየቀው በሚዙሪ ስቴት በሴንት ሉዊስ ከተማ ካለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው። በኢንተርኔት ወይም «ኤስ ኤፍ 180» የተባለውን ቅጽ ሞልቶ በፖስታ መጠየቅ ይቻላል። ለራሱ ለወታደሩ፣ ካረፈም ላላገባች ሚስቱ፣ ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለልጁ፣ ለእህቱና ለወንድሙ መሰናበቻውን በነፃ ይሰጣሉ። «በፍጥነት እናወጣላችኋለን» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ፤ አትክፈሉ። መዝገብ ቤት አለ ብላችሁ ግን የራሳችሁን ቅጂ አትጣሉ። በዚያው ማዕከል ሐምሌ 12 ቀን 1973 በተነሳ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የቆዩ መዝገቦች ተቃጥለዋል። ያን ጊዜ የዳነው ቅጂውን በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በወረቀቱ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የልደት ቀን ሊኖር ይችላል። ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ወይም በቫይበር ቡድናችን ላይ «ይህን አንብቡልኝ» ብላችሁ አትልኩት። ይዛችሁ ኑ እንጂ።

ምን ይገኝበታል?

ከትምህርቱ፣ ከቤት መግዣ ብድሩና ከሕክምናው ሌላ፣ እድርተኞች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በክብር የተሰናበተ ሰው ሲያርፍ በብሔራዊ የወታደሮች መቃብር ያለ ክፍያ የመቀበር መብት አለው። በግል መቃብር ቢቀበርም መንግሥት ስሙ የተቀረጸበት የመቃብር ሰሌዳ ይሰጣል። ቢያንስ ሁለት ወታደሮች መጥተው ባንዲራውን አጥፈው ለቤተሰቡ ያስረክባሉ፤ የስንብት ጥሩምባም ይሰማል። ይህን ሁሉ ለማግኘት የቀብር አስፈጻሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ወረቀት ነው። በለቅሶ ሰዓት ሻንጣ ከመፈተሽ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል።

እኚያ እናታችን ባንዲራውንም ጥሩምባውንም በጊዜው አላገኙም፤ ያ ቀን አልፏል። ሰሌዳው ግን መጣ። ከመቀረጹ በፊት የስሙን ፊደል አንድ በአንድ አስተያይተን አረጋገጥንላቸው፤ ድንጋይ ላይ ተሳስቶ ከተጻፈ ሌላ ሐዘን ነውና። በተተከለ ዕለት አብረናቸው ሄድን። ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ በዝግታ አነበቡ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም። የልጃቸውን ስም ግን አነበቡት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ከዚህ በታች የተጻፈ የለም አይደል?» ብለው ፈገግ አሉ።

ውድ እህቶቻችን፣ የምንለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ዛሬ ማታ ወረቀቱን ፈልጉና ጥጉን ተመልከቱ። ስሙን፣ ቀኑንና ሣጥን 18ን ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ። ረጅሙን ቅጂ ከልደትና ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ የት እንዳለ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ያልገባችሁን ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛችን ኑ። እኛ ጠበቆች አይደለንም፤ ግን አብረን እናነባለን፤ ከአቅማችን በላይ ሲሆን በነፃ ወደሚረዱ ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት እንወስዳችኋለን።

ደጋፊዎቻችን፣ እናንተ የምትሰጡት ገንዘብ ለትርጉም፣ ለፖስታና ለመጓጓዣ ይውላል። ትንሽ ይመስላል፤ ለእኚያ እናት ግን የልጃቸው ስም ያለበት ድንጋይ ሆኗል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ሴቶች ደግሞ የተጻፈውን እናንብብ እንላለን።